ልጆቼ ሙዚየም ውስጥ እንዳይሰለቹ ያደረግኩት

ፓሪስ ሉቭር ገብተን ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ትንሹ ልጄ «አባዬ፣ መቼ ነው የምንወጣው?» አለኝ። ሞና ሊዛ ጋ ስንደርስ ደግሞ ባሰበት። ሥዕሏ 77 በ53 ሳንቲ ሜትር ናት፤ የሚታየው የሰው ጭንቅላትና የተዘረጋ ስልክ ነው። እህቱ «ይቺው ናት?» ብላ አኮረፈች።

ወደ ኋላዬ ዞር አልኩ። ፊት ለፊቷ ግድግዳውን የሞላ ሥዕል አለ፣ ወርዱ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቬሮኔዜ በ1563 እ.ኤ.አ. የጨረሰው የቃና ሰርግ ነው። «ይሄኮ ቃና ዘገሊላ ነው! ጥር 12 ታቦት የምንሸኝበት!» አልኳቸው። በቃ፣ ነቁ። ጋኖቹን ፈልጉ፣ ውሾቹን ቁጠሩ፣ ሙዚቀኞቹ የት አሉ፣ እያልን ግማሽ ሰዓት ሄደ። (ሙሽሮቹን ጥግ ላይ ማስቀመጡ ግን እስካሁን አልገባኝም።)

ከዚያ ወዲህ የሚያውቁትን ታሪክ ይዘን፣ ሦስት ነገር ብቻ መርጠን ነው የምንገባው። ባለፈው ቅዳሜ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየምም እንዲሁ አደረግን። ድንቅነሽን ለመጨረሻ አቆየኋት። እሷን ቀድመው ካዩ ወደ ሥዕሎቹ ፎቅ የሚወጣልኝ የለም።