የዘቢቡ ጠርሙስ ሲያልበው

ፒያሳ፣ የድሮ ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። ሐምሌ ሲገባ ጨው እንኳ ይረጥባል። ከመርካቶ በኪሎ የማመጣው ዘቢብና ቴምርማ ስንቴ ጉድ ሠርቶኛል።

ጠርሙሱ ከውስጥ አላበው

ፍሬው በቅጡ አልደረቀም፣ ወይም ሳይበርድ ተከድኗል። አምና ማንጎ ስስ አድርጌ ቆርጬ ኦቨን ውስጥ አደረቅሁ። ትኩሱን ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቄ ተኛሁ። ጠዋት ከክዳኑ ሥር የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሏል።

ካልሻገተ አትደንግጡ። ዘርግታችሁ እንደገና አድርቁት፤ ከዚያ በደንብ ይብረድ። ጠርሙሱን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሙሉት። ከድናችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት። የረጠበው ቁራጭ እርጥበቱን ለደረቀው ያካፍላል፤ ሁሉም ይመጣጠናል። በመሀል ጠብታ ካያችሁ ተመልሶ ኦቨን ይግባ። በክረምት በሰፌድ ውጭ ማስጣቱን ግን እርሱት።

ቴምሩ ነጣ

አንዷን ፍሬ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጣሏት። ነጩ ከሟሟ ስኳር ነው፤ ብሉት። ጸጉር ካለው ወይም ከሸተተ ሻጋታ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በሙሉ ይጣላል። «ታጥቦ ይበላል» የሚሉ አሉ፤ እናቴም አንዷ ናት። የአንዳንድ ሻጋታ መርዝ ግን ታጥቦም ተቀቅሎም አይለቅም። በዚህ ነገር አንግባባም።

ድር አደራበት፣ ትል ታየበት

ዕንቁላሉ ብዙ ጊዜ ከሱቅ ነው የሚመጣው። ትሉ ፌስታል በስቶ ይወጣል፣ ወደ ዱቄቱም ይሻገራል። የተበላውን ጣሉ፤ መደርደሪያውን እስከ ስንጥቁ ጥረጉ፤ ዱቄቱንም ፈትሹ።

አዲስ ስትገዙ በደንብ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ 48 ሰዓት አቆዩት። መብራት ከጠፋ ቆጠራው እንደ አዲስ ነው። ሲወጣ ወዲያው አትክፈቱት። ቅዝቃዜው ሳይለቀው ከተከፈተ ጤዛ ይይዘውና ወደ መጀመሪያው ችግር ትመለሳላችሁ።

እንደ ጠጠር ደረቀ

ክዳኑ አይገጥምም ማለት ነው፤ ቀይሩት። ፍሬውን ሙቅ ውሃ ወይም ሻይ ውስጥ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉት። የተዘፈዘፈው በዚያው ቀን ይለቅ።

ጠቆረ

አፕሪኮት ብርቱካናማ ሆኖ የሚቆየው ሰልፈር ስለሚነካው ነው፤ ያልነካው ከመጀመሪያውም ቡናማ ነው። ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ ከጠቆረ ጥፋቱ የሙቀትና የብርሃን ነው። 15 ዲግሪ ላይ ዓመት የሚቆይ ፍሬ 27 ላይ የዚያን ግማሽ ያህል ነው የሚቆየው። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ይመቻል። የምናበላሸው እኛ ነን፣ ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ እየደረደርን። የኔ አሁን ቡፌው ታች፣ ከጠረጴዛ ልብሶቹ ኋላ ነው የሚቀመጠው።