ልጅን «ሆዳም» ከማለት በፊት፦ ጥጋብ፣ ጠባይና የአንጎል ዕድገት ፕሮቲን

ጎንደር ውስጥ እንጀራ ደጋግሞ የሚጠይቅና ሲከለከል የሚቆጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ «ሆዳም» ወይም «ቀበጥ» ይባላል፤ ነገር ግን ጥጋብን ማወቅ የአንጎል ሥራም ነው። ባርድና ቶነን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ከአሳማ አንጎል ለይተው ያወጡት ቢዲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን የነርቭ ሴሎችን በሕይወት ከማቆየት አልፎ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል የጥጋብ መልእክት እንዲተላለፍ ያግዛል። ይህን ፕሮቲን ለመሥራት መመሪያ ከሚይዘው ዘረ መል ሁለት ቅጂዎች አንዱ የጎደላቸው አይጦች ከልክ በላይ እንደሚበሉ፣ እንደሚወፍሩና ወንዶቹም ጠበኞች እንደሚሆኑ በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ስለዚህ ከቁጣና ከዱላ በፊት ልጁ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚበላ ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንድ መሶብ ለሚበላ ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም፤ አያት ጉርሻ የምታበዛ ከሆነማ ቆጠራው ጨርሶ ይጠፋል። ለአንድ ሳምንት ድርሻውን ሳይቀንሱ በራሱ ሳህን ያቅርቡለት፤ ግማሽ እንጀራ በሽሮ በልቶ እንደሆነ ግማሽ ብለው ይጻፉ፤ ጉርሻውንም ይቁጠሩ፤ ከበላ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደገና እንደጠየቀ፣ ሌሊት ተነሥቶ ምግብ ይፈልግ እንደሆነና ሲከለከል የሚያደርገውን ሁሉ ይመዝግቡ።

መዝገቡን፣ የቀድሞ ክብደቱ የተጻፈበት ካርድ ካለም እሱን ጨምረው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ። ከ5 ዓመት በፊት የጀመረ ከባድ ውፍረት ከማይረካ ረኃብ ጋር ከታየ የዘረ መል ችግር ሊጠረጠር ስለሚገባ፣ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንዲላክ ይጠይቁ። ልጁ በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም የዓይን ክፍል ሳይኖረው ከተወለደ ግን ክብደቱ እስኪጨምር መጠበቅ አይገባም፤ ይህ የዓይን ጉድለት ዋግር የሚባል ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሕመም የ11ኛው ክሮሞዞም (ዘረ መሎችን የሚሸከም የሴል ክፍል) ቁራጭ ስለሚጎድል የኩላሊት ካንሰር ሊከተል ይችላል፤ ጉድለቱ የቢዲኤንኤፍን ዘረ መል ከነካም ውፍረቱ በልጅነት ይጀምራል።

እንዲህ ያለው ሕመም እጅግ ጥቂት ልጆችን ብቻ ያጠቃል። ለአብዛኞቹ ቋሚ የምግብ ሰዓት፣ በቂ እንቅልፍና እንቅስቃሴ ይቀድማሉ፤ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ከፒያሳ እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያለውን መንገድ በባጃጅ ፋንታ በእግር መውጣት ከዚህ ይቆጠራል። እንቅስቃሴ በደም ውስጥ ያለውን ቢዲኤንኤፍ ከፍ ያደርጋል። ይሁን እንጂ የደሙ መጠን በአንጎል ውስጥ ያለውን በቀጥታ ስለማያሳይ፣ ቢዲኤንኤፍን በደም ለሚለካ ምርመራም ሆነ «አንጎል ያሳድጋል» ተብሎ ለሚሸጥ እንክብል ገንዘብ ማውጣት ተገቢ አይመስለኝም።