ቀኑ ሲያጥር፦ ትንንሽ ተማሪዎች ያሉበት ቤት የመፀው ወራትን እንዴት ይያዝ?

ትምህርት ቤት የሚሄዱ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት የመፀው ወራት ሁለት ለውጦችን ባንድ ጊዜ ይዘው ይመጣሉ። ልጁ ከረጅም እረፍት ወጥቶ በደወል ወደሚመራ ሕይወት ይመለሳል፤ ብርሃኑ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከዕለት ወደ ዕለት እያነሰ፣ ማለዳውም እየጨለመና እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙ አገሮች ይህ በግልጽ የሚታይ ነው፤ በሰሜን 50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 22 ወይም 23 ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ጊዜ ጀምሮ ለሳምንታት ቀኑ በየዕለቱ ወደ 4 ደቂቃ ገደማ ያጥራል፤ ይህም በሳምንት ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል። ልጁ ባለፈው ወር በፀሐይ የነቃበት ሰዓት በዚህ ወር ጨለማ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ከአልጋ አልወርድም ሲል ሁልጊዜ ስንፍና ወይም እልኸኝነት አይደለም።

እኔ የመጀመሪያ ልጄ ትምህርት በጀመረበት ዓመት ማለዳውን ለማስተካከል የሞከርሁት በማለዳው ነበር። ቶሎ በል እላለሁ፣ ካልሲ እፈልጋለሁ፣ ያልተፈረመ ወረቀት ከቦርሳው ውስጥ ሲወጣ እናደዳለሁ፤ ልጁም እያለቀሰ ከቤት ይወጣል። ማለዳ የሚስተካከለው በዋዜማው መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚሁ የተነሣ በመሆኑ የምጀምረው ከምሽቱ፣ በተለይም ከእንቅልፉ ነው።

እንቅልፉን ወደኋላ መቁጠር

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ከ6 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ደግሞ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲተኙ ይመክራል። ይህን አኃዝ ወደ ራስዎ ቤት ለማምጣት ልጁ መነሣት ካለበት ሰዓት ወደኋላ ይቁጠሩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሣት ያለበትና አሥር ሰዓት ተኩል ያህል እንቅልፍ የሚበቃው የሰባት ዓመት ልጅ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል፤ ወደ አልጋው የሚገባው በዚያ ሰዓት ሳይሆን ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው፤ ልብስ መቀየር፣ ጥርስ መቦረሽና የመጨረሻው የውኃ ጥያቄ ደግሞ ከዚያም በፊት ሌላ ግማሽ ሰዓት ይወስዳሉ። ስለዚህ የመኝታው መሰናዶ የሚጀምረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ነው ማለት ነው። ብዙ ወላጆች ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ሲያዩት ይደነግጣሉ፤ እኔም ደንግጬ ነበር።

እንቅልፍ ያነሰው አዋቂ ይደነዝዛል፤ እንቅልፍ ያነሰው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል፣ በትንሹ ይነጫነጫል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል። በዚህ ምክንያት አልደከመውም ብለን እናመሸዋለን፤ እሱም ይብስበታል። ልጁ ምሽት ላይ ያለ ምክንያት መሮጥና መጮኽ ሲጀምር የመኝታው ሰዓት እንዳለፈ ይቁጠሩት።

ብርሃን የእንቅልፍ ዋና መሪ ነው። ሰውነት ሲመሽ ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ደማቅ ብርሃን ግን ይህን ሆርሞን ያዘገየዋል፣ ልጆችም ከአዋቂዎች ይልቅ ለዚህ ስሱ ናቸው። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ስልክ፣ ታብሌትና ቴሌቪዥን ይዘጉ፤ የቤቱም መብራት ይቀንስ። ጠዋት ደግሞ የተገላቢጦሹ ይሠራል፤ መጋረጃውን ይክፈቱ፣ ውጭው ገና ጨለማ ከሆነ ልጁን ከመጥራትዎ ከአሥር ደቂቃ በፊት የክፍሉን መብራት ያብሩ። ብርሃኑ ግማሹን ሥራ ስለሚሠራልዎ ድምፅዎን ከፍ ማድረግ አያስፈልግዎትም። በእረፍት ቀንም ቢሆን መነሻው ከዘወትሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ባይርቅ ይመረጣል፤ አለዚያ ሳምንቱ በተጀመረ ቁጥር ልጁ እንደ አዲስ መልመድ ይኖርበታል።

ከእራት በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት

ለነገ የሚደረገውን መሰናዶ ሁሉ ከእራት በኋላ ባለችው አንዲት ሩብ ሰዓት ውስጥ ይሰብስቧት፤ ልጁም አብሮዎት ይሥራ። የነገ ልብስ ከውስጥ ልብስ እስከ ካልሲ ድረስ በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ደብተሩ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ከትምህርት ቤት የተላከ ወረቀት ካለ ያን ጊዜ ተነቦ ይፈረማል፣ ቦርሳውና ጫማው ሁልጊዜ በሩ አጠገብ በአንድ ቦታ ይውላሉ። ቦርሳውን በሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ባዶ ያድርጉት፤ ድንጋይ፣ የደረቀ ቅጠልና የተረሳ የምግብ ዕቃ ስለሚከማችበት ሳይታወቅ ይከብዳል። የሕፃናት ሐኪሞች የተማሪ ቦርሳ ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ ካለው እንዳይበልጥ ይመክራሉ፤ እኔ የታችኛውን እመርጣለሁ፣ ይኸውም 22 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ2 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ማለት ነው።

ገና ማንበብ ለማይችል ልጅ የማለዳውን ሥራ በቅደም ተከተል በሥዕል ስለው በዓይኑ ልክ ይለጥፉለት፦ ፊት መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ ጥርስ መቦረሽ፣ ጫማ ማድረግ። እንዲህ ሲሆን «ቀጥሎ ምን ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ትእዛዙ ከእርስዎ አፍ ሳይሆን ከግድግዳው ስለሚመጣ ጭቅጭቁ ይቀንሳል። የስድስት ዓመት ልጅ ራሱ መልበስ እየቻለ እኛ ስለቸኮልን ብቻ የምናለብሰው ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመትም እያለበስነው እንቀጥላለን። አሥር ደቂቃ ቀድሞ ማስነሣትና በራሱ እንዲለብስ መተው የተሻለ ነው፤ ሹራቡን ገልብጦ ቢለብሰውም እንኳ።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ

ብዙ ወላጅ ግራ የሚጋባበት ሰዓት ይህ ነው። አስተማሪዋ ቀኑን ሙሉ ጨዋ ነበር ያለችው ልጅ ከደጃፉ ሲገባ በአንድ የተቆረሰ ብስኩት ምክንያት መሬት ላይ ተንከባልሎ ያለቅሳል። ልጁ በክፍል ውስጥ ለሰዓታት ራሱን ሲቆጣጠር፣ ተራውን ሲጠብቅ፣ ዝም ሲል ውሏል፤ ያጠራቀመውን የሚያፈስሰው ደኅንነት በሚሰማው ቦታ ነው። ይህ በእርስዎ ላይ የተነሣ ዐመፅ ሳይሆን የእምነት ምልክት መሆኑን ማወቅ ለወላጁ ትዕግሥት ይሰጣል። ሲቀበሉት «ዛሬ ምን ተማርህ?» የሚለውን ጥያቄ ለኋላ ያቆዩት። መጀመሪያ ውኃና መክሰስ ይስጡት፣ ከዚያ ወደ ውጭ ያውጡት። ወሬው የሚመጣው ሌላ ነገር እየሠራችሁ ሳለ ነው፤ እኔ ከልጆቼ ስለ ትምህርት ቤት ያወቅሁትን አብዛኛውን ነገር የሰማሁት ጎን ለጎን ስንሄድ ወይም ዕቃ ስናጥብ ነው። ጥያቄም ከጠየቁ ጠበብ ያለ ይሁን፤ «ዛሬ በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ተጫወትህ?» የሚለው «እንዴት ዋልህ?» ከሚለው የተሻለ መልስ ያመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በመፀው ፀሐይ ቀድማ ስለምትጠልቅ ጨዋታው ከቤት ሥራው መቅደም አለበት፤ የቤት ሥራ በመብራት ይሠራል፣ ብርሃኑ ግን አይጠብቅም። ለቤት ሥራ በአሜሪካ የተለመደ አንድ መለኪያ አለ፤ ለእያንዳንዱ የክፍል ደረጃ 10 ደቂቃ፣ ማለትም ለአንደኛ ክፍል 10፣ ለሦስተኛ ክፍል 30 ደቂቃ። ልጁ በየቀኑ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ጊዜ የሚወስድበት ከሆነ አጠገቡ ቁጭ ብለው አብረው ከመታገል ይልቅ ለአስተማሪው ይንገሩ።

ጉንፋኑ ሲገባ

ትንንሽ ልጆች በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዛቸው የተለመደ ነው፤ አብዛኛው የሚመጣውም ልጆች በዝግ ክፍል በሚሰበሰቡባቸው በመፀውና በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ እንጂ ከብርዱ ራሱ ስላልሆነ ልጁን በሦስት ሹራብ መጠቅለል አያድነውም። የሚጠቅመው እጅን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ ነው፤ በተለይ ከትምህርት ቤት እንደገባና ከመብላቱ በፊት። ወደ ክንዱ መሳል ደግሞ በጨዋታ መልክ ቶሎ የሚለመድ ነገር ነው።

ማለዳ ላይ ልጁ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለው ውሳኔ ሲቸግርዎ አስቀድመው የወሰኑት መመሪያ ይኑርዎት። ንፍጥ ብቻ ካለው፣ ከበላና ከተጫወተ ይሂድ። የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ካስታወከው ወይም ካስቀመጠው ይቅር፤ ትኩሳት ከነበረውም ያለ ማብረጃ መድኃኒት 24 ሰዓት ሳያተኩሰው ካለፈ በኋላ ይመለስ። ጠዋት ማብረጃ ሰጥቶ መላክ ለሥራ የሚቸኩል ወላጅን ቢፈትንም፣ መድኃኒቱ እኩለ ቀን ላይ ሲያልቅ ልጁ በክፍል ውስጥ ይወድቃል፤ ሌሎችንም ያስይዛል። አስፕሪን ለልጅ በጭራሽ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ፤ ከጉንፋን መሰል ሕመም ወይም ጉድፍ (ቺክንፖክስ) ከተባለው የሽፍታ በሽታ ጋር ሲገናኝ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም የተባለ አደገኛ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ለሳል ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው ልጅ ከመኝታ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ያግዛል። ልጁ ለመተንፈስ ከተቸገረ፣ ውኃ መጠጣት ካቆመ ወይም ለመንቃት ከከበደው ግን ጠዋት እስኪሆን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

የራስ ቅማልም በዚሁ ወቅት ይመጣል፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም፣ ከንጽሕና ጉድለት ጋርም አይገናኝም። ቅማል አይዘልም፣ አይበርም፤ የሚተላለፈው ጭንቅላት ከጭንቅላት ሲነካካ ነው። ጸጉሩን አርጥበው፣ ማለስለሻ ቀብተው ጥርሱ በጣም በተጠጋጋ ማበጠሪያ ከሥሩ ጀምሮ ያበጥሩት። ቅጫሙ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈል በመድኃኒት የታከመውን ልጅ ከዚያ በኋላ ዳግም ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤተሰብ ተመልሶ መጣብን የሚለው ይህን ሁለተኛ ዙር ስለሚዘለው ነው።

ጨለማው መንገድ

በእግር የሚሄድ ልጅ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ልብስ ሲለብስ ሾፌር የሚያየው በጣም ከቀረበ በኋላ ነው፤ በቦርሳውና በእጅጌው ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ጨርቅ ቢለጠፍለት ግን ከብዙ እጥፍ ርቀት ይታያል። በመኪና የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ወፍራም የታጨቀ ጃኬት ለብሶ በልጆች መቀመጫ ላይ አይታሰር። በግጭት ጊዜ የጃኬቱ ውስጥ ተጨምቆ ቀበቶው ይላላል። ቀበቶውን በቀጭን ልብስ ላይ አጥብቀው ካሰሩ በኋላ ጃኬቱን ከፊት በኩል ያልብሱት።

ሰዓት ወደኋላ ሲመለስ

ሰዓት በሚቀየርባቸው አገሮች ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ፣ በአብዛኛው አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል። አዋቂ አንድ ሰዓት እንቅልፍ አተረፍሁ ይላል፤ የልጅ አካል ግን ሰዓት ስለማያነብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይነሣ የነበረው ልጅ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አልጋዎ አጠገብ ይቆማል። ይህን ለማቅለል ከለውጡ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ቀደም ብለው የመኝታውን፣ የእራቱንና የመነሻውን ሰዓት በየምሽቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እያዘገዩ ይሂዱ። በተቀየረበት ሳምንት ልጁ ቀድሞ ቢነቃ መብራት አያብሩለት፤ በአልጋው ላይ በመጽሐፍ ወይም በአሻንጉሊት በጸጥታ እንዲቆይ ከዋዜማው ይነጋገሩ። በዚያ ሳምንት ማለዳው ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ ስለሚበራ እኛ ቤት አሥር ደቂቃ ቀድመን እየወጣን የረገፈ ቅጠል የሞላበትን ረጅሙን መንገድ እንይዛለን።