የዓሣ ሴል ፈተና ሲያስቸግር

አዲስ ማጽጃ ወይም ፀረ ተባይ ከዓሣ ገንዳ ከመግባቱ በፊት መርዛማነቱን በሴል መፈተሽ ይቻላል። የማወራው ስለ አርቲጊል-ደብልዩ1 ነው፤ ከቀስተ ደመና ትራውት ስንጥብ የተገኘ ሴል። ኦኢሲዲ (የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) ፈተናውን እ.ኤ.አ. በ2021 በመመሪያ ቁጥር 249 አጽድቆታል። በዓሣ ሲሠራ 96 ሰዓት የሚወስደው፣ በሴል 24 ሰዓት ይበቃዋል።

ሚዲየሙ ቢጫ ሆነ፣ ሴሎቹም ተነቃቀሉ

ሚዲየም ሴሎቹ የሚያድጉበት ምግብ ያለው ፈሳሽ ነው። መጀመሪያ ኢንኩቤተሩን፣ ማለትም ሴሎቹ የሚቀመጡበትን ሙቀቱ የተስተካከለ ሣጥን እዩ። የሰው ሴል የለመደ ሰው 37 ዲግሪ ላይ ያደርገውና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከፍትበታል። ትራውት ግን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፤ ሴሉም 19 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ኤል-15 ሚዲየም የተሠራው ለተራ አየር ስለሆነ ጋዙ ሲገባበት አሲዳማ ሆኖ ቢጫ ይሆናል። ጋዙን ዝጉ፣ ሙቀቱን አውርዱ። ሚዲየሙ ከደፈረሰ ግን ባክቴሪያ ገብቶበታል። አታስታምሙት፣ ጣሉት።

ሴሉ ደህና ነው፣ ዓሣው ግን ያልቃል

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። «ችግር የለውም» ብለን የለቀቅነው ኬሚካል የአንድን አርቢ ገንዳ ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

ብዙ ጊዜ ኬሚካሉ ሴሉ ጋ አልደረሰም። ሴሎቹን ለማሳደግ ሚዲየሙ ላይ የሚጨመረው ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ያለው ፕሮቲን ይይዘዋል። ስለዚህ በፈተናው ሰዓት ሴረም የሌለውን ኤል-15/ኢኤክስ የተባለ ሚዲየም ተጠቀሙ። ውሃ የማይወድ ኬሚካል ደግሞ ፕላስቲኩ ላይ ይለጠፋል፤ የሚተን ከሆነም ይበናል። መፍትሄው በፈተናው መጀመሪያና መጨረሻ ሚዲየሙ ውስጥ የቀረውን መጠን መለካት ነው። ስሌቱም በጨመራችሁት ሳይሆን በለካችሁት ይሁን።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ልዩነቱ ካልጠፋ፣ ኬሚካሉ ነርቭ የሚያጠቃ እንደሆነ ጠይቁ። የስንጥብ ሴል ነርቭ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ጉዳት ላያሳይ ይችላል። ነርቭ ላይ የሚሠራን ፀረ ተባይ በዚህ ፈተና ብቻ «ደህና ነው» አትበሉ።

ሦስቱ ቀለሞች አልተስማሙም

የሴሉን ደህንነት የምናነበው በሚያበሩ ሦስት ቀለሞች ነው፦ አላማር ብሉ የሴሉን ሜታቦሊዝም፣ ሲኤፍዲኤ-ኤኤም ሽፋኑን፣ ኒውትራል ሬድ ላይሶዞሙን (የሴሉን ቆሻሻ ማፍረሻ ክፍል) ያያል። ልዩነታቸው ስህተት ላይሆን ይችላል፤ ኬሚካሉ ቀድሞ የመታው የት እንደሆነ ይጠቁማል። ግን ኬሚካሉ ራሱ የሚያበራ ከሆነ ንባቡን ያዛባል። ሴል በሌለበት የመፈተሻ ሳህኑ ጉድጓድ ኬሚካሉን ብቻ አንብባችሁ ቀንሱት።

ውጤቱ በየሳምንቱ ይለያያል

ሁሌ 3,4-ዳይክሎሮአኒሊንን፣ መርዛማነቱ አስቀድሞ የሚታወቀውን ማነጻጸሪያ ኬሚካል፣ አብራችሁ ፈትኑ። የእሱም ውጤት ከተለመደው ከራቀ፣ ጥፋቱ ከአዲሱ ኬሚካል አይደለም። የሴል ቆጠራችሁን፣ ሴሎቹ የጉድጓዱን ወለል ሙሉ በሙሉ መሸፈናቸውን፣ ስንት ጊዜ ተከፍለው ወደ አዲስ ዕቃ እንደተዛወሩም ተመልከቱ። ማይኮፕላዝማ የተባለውን በጣም ትንሽ ባክቴሪያም አስመርምሩ፤ ሚዲየሙን ሳያደፈርስ ተደብቆ ይኖራል።