ስለ ሳይንስና ጠፈር ዜና አስተያየት ስንሰጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ስለ ቴክኖሎጂና ጠፈር ብዙ ይወራል። ፒያሳ ቡና የሚጠጡ ወጣቶች ስታርሺፕ ስለተባለው ግዙፍ ሮኬት ይከራከራሉ። ማራኪ ግቢ ያሉ ተማሪዎች ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲሟገቱ ያመሻሉ። የቴሌግራም ቡድኖቻችንም በየቀኑ አዲስ «ሰበር ዜና» ይዘው ይመጣሉ። እኔ ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት በባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ የኖሩ ሊቃውንት ያሏት ከተማ ስለ ሰማይ ብታወራ ያምርባታል።

የሚቆጨኝ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ዜናው ምን እንዳለ በወጉ ሳይታይ መጀመሩ ነው። የተባለ ነገር፣ የተሞከረ ነገር፣ ሌሎች ደግመው ያረጋገጡት ነገርና ሥራ ላይ የዋለ ነገር አራቱም ይለያያሉ። ይህን ሳንለይ የምንሰጠው አስተያየት መቆሚያ የለውም። አዘውትሬ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ። ያለ ዓ.ም. የተጻፉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እቅድን እንደ ተፈጸመ ሥራ መቁጠር

የሮኬት ኩባንያው የስፔስ ኤክስ መሥራች ኤለን መስክ በ2017 አውስትራሊያ ውስጥ አደላይድ ላይ በተካሄደ ጉባኤ ንግግር አድርጎ ነበር። በ2022 ጭነት የያዙ መንኮራኩሮች ወደ ማርስ እንዲሄዱ፣ በ2024 ደግሞ ሰዎች እንዲከተሉ ማቀዱን ተናገረ። ሁለቱም ዓመታት አለፉ። ማርስ የደረሰ ስታርሺፕ የለም።

ይህን ብቻ ይዞ «ሁሉም ወሬ ነው» የሚል ሰውም ተሳስቷል። ያው ስፔስ ኤክስ በዲሴምበር 2015 ጭነቱን ወደ ምህዋር ካደረሰ ሮኬት ላይ የታችኛውን ክፍል መሬት ላይ መልሶ አሳርፏል። በ2017 አንድ ጊዜ የበረረን ክፍል ዳግም አስወንጭፏል። ኦክቶበር 13 ቀን 2024 ደግሞ የስታርሺፕን ግዙፍ ተሸካሚ ሮኬት በማስወንጨፊያው ማማ ክንዶች አየር ላይ ቀልቧል። እነዚህ ሁሉም ሰው ያያቸው ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ ሰውየው ያለውን ለብቻ፣ መሐንዲሶቹ ያደረጉትን ለብቻ እንያዝ። ያኔ የሚያደንቀውም የሚተቸውም ወገን ስለ አንድ ነገር ማውራት ይጀምራል።

ቁጥሩ ምን ምን እንደሚያካትት አለመጠየቅ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው።

ዲሴምበር 5 ቀን 2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ የተሠራውን ታስታውሳላችሁ። በሌዘር ጨረር የሃይድሮጂን ዓይነቶችን አዋሕደው ከገባው ኃይል የበለጠ ኃይል አገኙ። የገባው 2.05 ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው)፣ የወጣው 3.15 ሜጋጁል ነው ተባለ። እኛ ጋ ዜናው ሲደርስ «የመብራት ችግር በዓለም ላይ አበቃ» ሆነ። መብራት እየጠፋ የሚያስቸግረው ሰው ይህን ቢመኝ አይፈረድበትም። ግን 2.05 የሚለው ቁጥር የሚናገረው ኢላማው ላይ ስላረፈው ጨረር ብቻ ነው። ሌዘሩን ለመተኮስ ከኤሌክትሪክ መስመር የተወሰደው ወደ 300 ሜጋጁል ይጠጋል። ከዚህ አንጻር የወጣው ከገባው አንድ መቶኛ ገደማ ነው።

ውጤቱ ታዲያ ውሸት ነው? በፍጹም። ለአሥርተ ዓመታት የተለፋበት የፊዚክስ ድል ነው። የኃይል ማመንጫ ግን አይደለም፤ ሳይንቲስቶቹም ነው አላሉም።

ሁለተኛው ምሳሌ ዲፕሲክ ነው። በጃንዋሪ 2025 አንድ የቻይና ኩባንያ ያወጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዓለምን አነጋገረ። የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራው የኤንቪዲያ ኩባንያ የገበያ ዋጋ በአንድ ቀን ወደ 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቀነሰ። የሁሉም ሰው አፍ ላይ የነበረው ቁጥር 5.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። «አሜሪካኖቹ በቢሊዮን የሠሩትን ቻይናዎቹ በ5 ሚሊዮን ሠሩት» ተባለ። ኩባንያው ራሱ ባወጣው ጽሑፍ ላይ ግን ቁጥሩ የመጨረሻውን የሥልጠና ዙር ብቻ እንደሚመለከት ተጽፏል። ከዚያ በፊት የተደረጉት ምርምሮችና ሙከራዎች አልተካተቱበትም። የሠርግ ወጪ ሲጠየቅ የድግሱን ዕለት ወጪ ብቻ ቆጥሮ እንደመንገር ነው፤ ሽማግሌ ከተላከበት ቀን ጀምሮ የወጣውን ማን ይቁጠረው?

ለእኛ አገር ተማሪዎች ትልቁ ዜና ከቁጥሩ ይልቅ ሌላ ነበር። ሞዴሉን ማንም አውርዶ እንዲሠራበት ክፍት አድርገው ለቀቁት። ጎንደር ያለ የኮምፒውተር ተማሪ ኮምፒውተሩ የሚችለውን አነስተኛ ዓይነት አውርዶ ሊመራመርበት ይችላል። ስለዚህ የተወራው ግን ጥቂት ነው። ሁሉም የሚከራከረው ስለ ዶላሩ ነበር።

ዕድልን እንደ ትንቢት ማንበብ

በፌብሩዋሪ 2025 አንድ የባጃጅ ሹፌር ልጅ በአዘዞ መንገድ ላይ «ጋሼ፣ በ2032 መሬትን የሚመታ ድንጋይ ይመጣል የሚሉት እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ አስትሮይድ 2024 ዋይ አር 4 መስማቱ ነው። ዲሴምበር 27 ቀን 2024 ቺሊ ባለ የአትላስ ቴሌስኮፕ የተገኘ ነው። በ2032 መጨረሻ መሬትን የመምታት ዕድሉ መጀመሪያ 1 ከመቶ ተባለ። ከዚያ ወጣ፣ ወጣና 3.1 ከመቶ ደረሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ዜሮ ወረደ።

ሲወጣ ብዙ ሰው ደነገጠ። ሲወርድ ደግሞ «ሳይንቲስቶቹ ዋሹን» ብሎ ተቆጣ። ሁለቱም የተፈጠሩት አሠራሩን ካለማወቅ ነው። አስትሮይዱ እንደተገኘ መንገዱ በትክክል አይታወቅም። በ2032 ሊያልፍበት የሚችለው ቦታ በጣም ሰፊ ነው፤ መሬት በዚያ ሰፊ ቦታ ውስጥ ትንሽ ነጥብ ናት። ቴሌስኮፖች ደጋግመው ባዩት ቁጥር ቦታው ይጠባል። መሬት ገና ከውስጡ ካልወጣች ድርሻዋ ይጨምራል፤ ስለዚህ ዕድሉ ይወጣል። ቦታው ይበልጥ ጠብቦ መሬት ከውጭ ስትቀር ዕድሉ ወዲያው ይወድቃል። ሥራው በአግባቡ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል። ሌላ አስትሮይድ ቢገኝም ቁጥሩ እንዲሁ ወጥቶ ሊወርድ ይችላል።

ልጁም ይህንኑ ነግሬው «እና ታዲያ 3 ከመቶ ሲሆን 97ቱ አይመታም ማለት ነበራ!» አለኝ። ይህን አስልቶ የጻፈ የቴሌግራም ገጽ እስካሁን አላየሁም።

ከብዙዎች ይልቅ ጮክ ብሎ የተናገረውን አንዱን መስማት

ያው የቺሊው ቴሌስኮፕ ጁላይ 1 ቀን 2025 ሌላ እንግዳ አገኘ። 3አይ አትላስ ይባላል። ከሌላ የኮከብ ሥርዓት ወደ እኛ ሲመጣ የታየ ሦስተኛው አካል ነው። የመጀመሪያው በ2017፣ ሁለተኛው በ2019 ታይተዋል። በጣም የሚያስደንቅ ነገር ነው። ቲክቶክ ላይ ግን የሞላው «የባዕድ ፍጡራን መንኮራኩር» የሚለው ወሬ ነበር። የወሬው ምንጭ ደግሞ በዋናነት አንድ ታዋቂ ምሁር ነው። ጋዝና አቧራ እየለቀቀ የሚጓዝ ጅራታም ኮከብ መሆኑን በርካታ ቴሌስኮፖች አይተው ተናግረዋል። ወደ መሬት በቀረበበት በዲሴምበር 2025 እንኳ ወደ 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። ይህ ከእኛ እስከ ፀሐይ ካለው ርቀት ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።

ምስሎቹ ላይም ተጠንቀቁ። በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ስለሚዞሩ ሩቅ ፕላኔቶች የምናያቸው ባለ ውቅያኖስና ባለ ደመና ሥዕሎች በሠዓሊ ወይም በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው። ማንም እንዲህ አድርጎ ፎቶ አላነሳቸውም።

በደጋፊነት መፍረድ

ፋሲል ከነማን መደገፍ ደስ ይላል። ሮኬት ላይ ግን ደጋፊነት ዓይን ይጋርዳል። የአሜሪካ ሮኬት ሲፈነዳ የሚጨፍር፣ የቻይና ሲሳካ የሚኮራረፍ ሰው እያየሁ ነው፤ በተቃራኒውም እንዲሁ። ሕንድ በሴፕቴምበር 2019 ጨረቃ ላይ ልታሳርፈው የሞከረችው የቻንድራያን 2 አራፊ መንኮራኩር ተከሰከሰ። ያኔ ያሾፉባት ብዙ ነበሩ። መሐንዲሶቿ ስህተቱን አጥንተው፣ እግሩን አጠንክረው፣ ማረፊያ ቦታውን አስፍተው ተመለሱ። ኦገስት 23 ቀን 2023 ቻንድራያን 3 በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አቅራቢያ አረፈ። ከአራት ቀን በፊት የሩሲያው ሉና 25 እዚያው ጨረቃ ላይ ተከስክሶ ነበር። ማን አሸነፈ ከማለት ምን ተለወጠ ብሎ መጠየቅ ብዙ ያስተምራል።

«ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ብሎ መልሱን አለመጠበቅ

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚከፋኝ ሰዎች ጠይቀው መልሱን ሳይሰሙ መሄዳቸው ነው።

ታህሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን ተወነጨፈች። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነበር። ያን ሰሞን ሁለት ዓይነት ስህተት ሰማሁ። አንዱ «ሙሉ በሙሉ በራሳችን ሠራን» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሕዝብ እየተራበ ለሳተላይት ይህን ያህል ገንዘብ!» የሚል ነው። እውነቱ ከሁለቱም ይለያል። አብዛኛውን ወጪ የሸፈነችው ቻይና ናት። ሥራውም የጋራ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ተሳትፈው ተምረውበታል፤ መረጃው ይወርድ የነበረው እንጦጦ ላይ ባለው ጣቢያ ነው። ከተማ ውስጥ ሰው ትሰልላለች ያሉም ነበሩ። ካሜራዋ ለይቶ ያይ የነበረው ትንሹ ነገር ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ነው። ሰው ቀርቶ መኪናም አታይም ነበር። የእርሻ መሬት፣ ደንና የውኃ አካል ግን ታይ ነበር፤ የተሠራችውም ለዚሁ ነው።

ጥቅሙን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎርጎራ ወርዳችሁ ጣናን እዩ። እምቦጭ ሐይቁ ላይ በ2011 ከታየ ወዲህ የደምቢያና የጎንደር ዙሪያ ገበሬዎችና ዓሣ አስጋሪዎች በእጅ እየነቀሉ ለፍተዋል። አረሙ ነፋስ እየገፋው ይንቀሳቀሳል። ዛሬ የጠረጋችሁት ዳርቻ ከሳምንት በኋላ ሊሸፈን ይችላል። የት እንዳለና ስንት ሄክታር እንደያዘ በጀልባ ዞሮ መለካት አድካሚ ነው። የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች ግን አንድን ቦታ በየአምስት ቀኑ ገደማ 10 ሜትር በሚለይ ዓይን ያነሱታል። ምስሉን ማንም ሰው በነፃ ማውረድ ይችላል። ለምለም ቅጠል ዓይናችን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን በኃይል ያንጸባርቃል፤ ውኃ ደግሞ ይውጠዋል። ስለዚህ እምቦጩ ከሐይቁ ተለይቶ ይወጣል።

ችግሩ ክረምት ነው። አረሙ በሚፋፋበት ወቅት ሰማዩ በደመና ይሸፈናል፤ ተራ ካሜራም ደመና አያልፍም። ያኔ የሚረዳው ሴንቲኔል 1 የተባለው የራዳር ሳተላይት ነው፤ ራዳር በደመናም በጨለማም ያያል። በከተማችን ያሉ የጂኦግራፊና የግብርና ተማሪዎች ይህን ከላፕቶፓቸው ላይ መሥራት ይችላሉ። ስለ ጠፈር ገንዘብ ብክነት የሚከራከር ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ከዚያ በኋላ «የራሳችን ሳተላይት ያስፈልገናል ወይስ በነፃ ያለውን አንብበን መጠቀም ይቅደም?» ብሎ መሟገት ይቻላል። ይህ እውነተኛ ክርክር ነው። እኔ በበኩሌ ሰው ማሠልጠኑ ይቅደም ባይ ነኝ።

ቀኑንና ቦታውን ሳያዩ ማጋራት

በ2025 ክረምት «ኦገስት 2 ዓለም ለስድስት ደቂቃ ትጨልማለች» የሚል ወሬ ስልካችንን አጥለቅልቆት ነበር። በዚያ ቀን ምንም የፀሐይ ግርዶሽ አልነበረም። ቀኑና ወሩ እውነተኛ ነበሩ፤ ዓመቱ ተቀይሮ ነው። ትክክለኛው ግርዶሽ ኦገስት 2 ቀን 2027 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ሰኞ። «ዓለም» የተባለውም ትክክል አይደለም። ሙሉው ጨለማ የሚያልፈው በጠባብ መስመር ላይ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ በደቡብ ስፔን፣ በሰሜን አፍሪካና በግብፅ አድርጎ፣ ሳዑዲ አረቢያንና የመንን ያቋርጣል። ረጅሙ፣ ስድስት ደቂቃ ከ23 ሰከንድ የሚሆነው፣ ሉክሶር አካባቢ ነው።

ጎንደር ከመስመሩ ውጪ ናት። ደመናው ከፈቀደልን ፀሐይ በከፊል ተሸፍና እናያታለን። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበት ቅርጽ የታየበት ግርዶሽም ለእኛ ከፊል ነበር።

ያን ዕለት በኤክስሬይ ፊልም፣ በጥቁር መነጽርና በጥላሸት በተቀባ ጠርሙስ ፀሐይን የሚያዩ ሰዎች አይቻለሁ። ከፊል ግርዶሽ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይን መጠበቅ አለበት። የዓይን ውስጠኛው ክፍል ሲቃጠል ሕመም አይሰማም፤ ሰው መጎዳቱን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። አይኤስኦ 12312-2 የሚል ደረጃ ያለውና ያልተቧጨረ የግርዶሽ መነጽር ፈልጉ። ካጣችሁ ካርቶን ላይ በመርፌ አንድ ቀዳዳ አብጁና ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ በቀዳዳው ያለፈውን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፉት። የተገመጠችው ፀሐይ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ትታያለች፤ ልጆችም ያለ ስጋት ያዩዋታል።