የሳይክል ካቴናና ጥርስ ላይ የተጋገረ ሰም፦ ችግሩና መፍትሄው

ማርሽ መቀየሪያው መጣመም አለመጣመሙን፣ ገመዱ መላላት አለመላላቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። የካቴናውንም ርዝመት ለኩ። ከአንዱ ፒን መሃል ተነስታችሁ፣ መነሻውን ሳትቆጥሩ፣ እስከ 24ኛው ፒን መሃል። አዲስ ከሆነ 30.48 ሳንቲ ሜትር ነው። 30.7 ከደረሰ ሰሙን ማጠብ ትርፉ ድካም ነው። ካቴናው ይቀየር።

ትንሹ ጥርስ ላይ ይዘላል፣ ረገጥ ሲያደርጉት "ቋ" ይላል

ደብረ ብርሃን ላይ ሳይክል ስጠግን እጄን ያሰለቸኝ ይሄ ነው። ምክንያቱ ሁሌም አንድ ነው፦ ዘይት ላይ ሰም።

ሰው "ለካቴና ሰም ጥሩ ነው" ሲባል ይሰማል። እውነት ነው። ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይዝም። ግን የሚሠራው ባዶ ብረት ላይ፣ ቀልጦ ፒኑ ድረስ ሲገባ ነው። የኛ ሰው ግን ዘይት የጠጣውን ካቴና ሳያጥብ ከላይ ሻማ ይፈትግበታል። ሲንጫጫ ደግሞ ዘይት ይጨምርበታል። ከዚያ አቧራው ይመጣና ሦስቱ ተቦክተው ጥርሱ መሃል ይጋገራሉ። ካቴናው ወደ ጥርሱ ሥር መውረድ ያቅተዋል፣ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ኃይል ሲሰጡት ይዘላል።

አንድ ልጅ ከሸዋ ሮቢት መጣ። የጣርማበርን ዳገት ሳይክሉን አይሱዙ ላይ ጭኖ ነው የወጣው። "ጋሼ፣ ሮቢት እያለሁ ምንም አልነበረውም፤ እዚህ ጠዋት ስነዳው ይዘላል" አለኝ። አልዋሸም። ሮቢት ሙቀት ነው፤ ሰሙ ለስልሶ ካቴናው እየጨፈለቀው ያልፋል። እዚህ የታኅሣሥ ጠዋት ላይ ያው ሰም ድንጋይ ይሆናል። በስንጥር ፈልቀቅ ሳደርገው የጥርሱን ቅርጽ የያዘ ጥቁር ጉብ ወጣ። ስሰብረው ውስጡ ነጭ ክር። የጧፍ ክር! አያቱ የሰጡትን ቁራጭ ጧፍ ከነክሩ ነው የፈተገበት። ክሩ ግማሹ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት። የንብ ሰም ብቻውንም ለካቴና ይጣበቃል፤ ከሻማው ይብሳል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በደረቁ ፈቅፍቁ፣ ያውም በጠዋት፣ ብርዱ ሳይለቅ። ሰሙ ያኔ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ከጀመራችሁ መለቅለቅ ብቻ ነው። በእንጨት ስንጥር እንጂ በካቻቢቴ አይሁን፤ ጥርስ ተጎድጉዶ የመጣልኝ አለ።

ቀጥሎ ካቴናውን ፍቱና የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሩ። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይበቃል፤ የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ይቀልጣል፣ የሻማውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በሽቦ አንጠልጥላችሁ ወዝውዙት። ሰሙ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። እዚህ ጋ ነው ብዙው ሰው የሚሳሳተው፦ ካቴናውን በተንሳፈፈው ሰም መሃል መዞ ያወጣዋል፣ ሰሙም መልሶ ይለብሰዋል። መጀመሪያ የላዩን ውሃ ከነሰሙ ወደ ሌላ ጣሳ ቅዱ፤ ከዚያ አውጡ። በንጹህ ውሃ ድገሙት።

ውሃ ዘይቱን አያወጣም። ለሱ ቤንዚን ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ከካቴናው ጋር እየናጡ፣ ጥቁሩ እስኪቀር ሁለት ሦስት ጊዜ። ደጅ! ምድጃው ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ርቆ። ሲጋራም ቢሆን። በነጭ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁ ካልጠቆረ በቃ። ወዲያው ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ካልሆነ በማግስቱ ዝገት ነው።

የታጠበውን ካቴና መልሳችሁ ልትነክሩበት ሰም የምታቀልጡ ከሆነ ቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ። ትንሹን ጣሳ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡ። ከተቀጣጠለ በክዳን አፍኑት፤ ውሃ ያፈሰሰበት ሰው ፊቱን ነው የሚያቃጥለው። ብርድ ነው ብላችሁ ቤት ዘግታችሁ በከሰል እንዳትሠሩ፤ የከሰል ጭስ የስንቱን ቤት ዘግቷል። ሰም ያለበትን ውሃ ደግሞ ሙቅ ሳለ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አትድፉ። ቱቦው ውስጥ ይረጋል።

ሰም ከተነከረ በኋላ ካቴናው እንደ ሽቦ ደረቀ

ብልሽት አይደለም። መጥረጊያ እንጨት ላይ ጠምጥማችሁ እያንዳንዱን መጋጠሚያ አጣጥፉ። በብርድ ሲወጣ ወፍራም ጉብ ከያዘ ግን ሰሙ በደንብ ሳይሞቅ ነው ያወጣችሁት።

ትንንሾቹ ጎማዎች አይዞሩም

እነሱን አትቀቅሉ። ፕላስቲክ ናቸው፣ ውስጣቸውም ግራሶ አለ። ስንጥርና ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ።

ፍሬን ይጮሃል

የሰም ፍርፋሪ ቸርኬው ላይ ወድቋል። በሳሙና እጠቡት።

ላቫጆ አሳጠብኩት፣ ግን ያው ነው

ይሄ ሲመጣ ነው ደሜ የሚፈላው። የግፊት ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰም አይነቅልም። የሚያደርገው ኩችኔታው ውስጥ ውሃ አስገብቶ ግራሶውን ማጠብ ነው። ከሰሙ ጋር የኩችኔታ ሥራ ተጨመረላችሁ።

ካቴናው የሚፈታበት ተነቃይ መጋጠሚያ ርካሽ ከሆነ ሁለቴ ተፈትቶ ሦስተኛው ላይ ይላላል። መንገድ ላይ ከሚለያይባችሁ ሲታጠብ አብራችሁ ቀይሩት።

ጣሳው ላይ የረጋውን ሰም አትጣሉት። ከሰል ለማያያዝ ይሆናል። አሸዋ አለበትና ካቴና ላይ ግን አትመልሱት። ያ የሮቢቱ ልጅ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ሲከተው አይቼ "ለምንድነው?" አልኩት። "ለሚቀጥለው" አለኝ።