ከብት በለጋ ማሽላ እንዳይመረዝ እንዴት እንመግብ?

ለምለም ማሽላ ውስጥ የገባ የራበው በሬ በደቂቃዎች ውስጥ ተንገዳግዶ ሊወድቅ ይችላል። ለጋ ማሽላ ዱሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ቅጠሉ ታኝኮ ትልቁ ጨጓራ ሲደርስ፣ እዚያ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ዱሪኑን ይሰባብሩትና ሳያናይድ የሚባል ኃይለኛ መርዝ ይወጣዋል።

ከብቱ ግን መከላከያ አለው። ጉበቱ ሳያናይዱን ከሰልፈር (ድኝ) ጋር አጣምሮ ታዮሲያኔት ወደሚባል መርዝነቱ እጅግ ወደቀነሰ ነገር ይቀይረዋል። ያ በሽንት ይወጣል። ቀስ እያለ የሚመጣውን ጉበት ይችለዋል፤ ባንዴ ሲጎርፍ ነው የሚያቅተው። ለአንድ ኪሎ ክብደት 2 ሚሊግራም ገደማ ሳያናይድ ሊገድል ይችላል። 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ ከግማሽ ግራም ብዙም አይዘልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁመቱን እዩ። ከ60 ሳንቲሜትር በታች የሆነ ማሽላ ላይ ከብት አትልቀቁ። ከሁሉ የሚያስፈራው ከታጨደ በኋላ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው፣ ወይም ድርቅ መትቶት ከርሞ ዝናብ ሲያገኝ ብቅ የሚለው ቅጠል ነው። ዓይን ይስባል፤ ከብቱም መርጦ የሚግጠው እሱኑ ነው።

ቁመቱ ቢደርስም በባዶ ሆድ አይግቡ። አስቀድማችሁ ጭድ ወይም ድርቆሽ አብሏቸው። የጠገበ ከብት ቀስ ብሎ ይበላል፣ መርዙም ቀስ ብሎ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለአጭር ጊዜ ብቻ አግጧቸው፤ አጠገባቸውም ሁኑ።

በሽልሻሎ ጊዜ፣ ማለትም የበቀለው ማሽላ መሐል ለመሐል እየታረሰ ሲሳሳ፣ የሚነቀለውን ማሽላ እርጥቡን አትስጡ። ጠውልጓል ተብሎም አይሰጥም፤ የጠወለገ ቅጠል መርዙ አልለቀቀውም። ፀሐይ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡት፣ አገላብጡት፣ አገዳው ሲታጠፍ ቀጭ እስኪል ይድረቅ። ሳያናይዱ አብዛኛው በንኖ ይሄዳል።

ማሽላ አዘውትራችሁ የምትመግቡ ከሆነ ሰልፈር ያለበት የማዕድን ጨው አስልሷቸው። ጉበት መርዙን ባከሸፈ ቁጥር ሰልፈር ይጨርሳል።

ከብቱ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ የድዱ ሥጋ ደማቅ ቀይ ከሆነ ለሰከንድ አትዘግዩ። ደሙ የሚቀላው ኦክስጅን ይዞ ሳለ ሰውነት ሊጠቀምበት ስላልቻለ ነው። ለእንስሳት ሐኪም ደውሉና "ማሽላ በልቷል" በሉ። ሐኪሙ በደም ሥር የሚሰጠው ሶዲየም ታዮሰልፌት ለጉበት ያጠረውን ሰልፈር ይተካል። እስኪደርስ የቀሩትን ከማሳው አስወጡ፤ የወደቀውን ግን ለማስነሳት አታንገላቱት።